ከስም ዝርዝር ላይ የማይፈለጉ ምልክቶችን ማጥራት፦ ስሙን ሳይጎዱ

አንድ ገበሬ በሦስት ወረቀት ላይ ሲመዘገብ ኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ሰው ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። በአንደኛው «ገ/መስቀል»፣ በሁለተኛው «ገ / መስቀል»፣ በሦስተኛው «ገ/መስቀል፡» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ለሰው ዓይን ያው አንድ ሰው ነው። ለፕሮግራሙ ግን ሦስቱም የተለያዩ ስትሪንጎች (ተከታትለው የተጻፉ ምልክቶች) ናቸው፤ የማዳበሪያ ድልድል በዚህ ዝርዝር ከተሠራ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ይወስዳል፣ ወይም ጨርሶ አይገኝም።

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ከመንዝ፣ ከጣርማበር፣ ከአንኮበርና ከቀወት የሚመጡ እንዲህ ያሉ ዝርዝሮችን ሳጠራ ብዙ ወራት አሳልፌአለሁ። የመጀመሪያውን ዝርዝር ያጠራሁት ለአንድ የገብስ አምራቾች ማኅበር ነበር። ኢንተርኔት ላይ አንዲት አጭር መስመር አገኘሁ፤ ትእዛዟ «ከላቲን ፊደልና ከቁጥር በስተቀር ያለውን ሁሉ አጥፋ» የሚል ነበር። ሠራች። ስሕተት አለ የሚል መልእክት አላወጣችም። ፋይሉን ስከፍተው ግን የስሙ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሆኖ ቆየኝ። ያች መስመር ለጻፋት ሰው ትክክል ናት፤ ለእኛ ግን ሀ ራሷ የማትፈለግ ምልክት ሆና ተቆጠረች። ዋናውን ፋይል በላዩ ላይ ስላስቀመጥኩት ዝርዝሩን ከወረቀት እንደገና መመዝገብ ግድ ሆነ፤ ሦስት ቀን ፈጀብን። ከዚህ በታች የምጽፈው አሠራር ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ያስተካከልኩት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ምሳሌዎቹ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ናቸው። ፓይተን 3 ፊደልን አንድ በአንድ ስለሚቆጥር ለአማርኛ ይመቻል፤ የ«ሸዋ»ን ርዝመት ቢጠይቁት 2 ይልዎታል። ጽሑፍን በባይት የሚቆጥሩ ፋንክሽኖች ግን 6 ይላሉ፤ በዩቲኤፍ-8 (ጽሑፍ ወደ ባይት ከሚለወጥባቸው ስልቶች፣ ከኢንኮዲንጎች፣ አንዱ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛልና። እንዲህ ያለ ፋንክሽን ጽሑፍ ሲቆርጥ ፊደሉን ከወገቡ ሊበጥሰው ይችላል፤ በሌላ ቋንቋ የሚሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ።

የፓይተን ትእዛዞች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እኔ እዚህ በንባባቸው አስቀምጫቸዋለሁ፦ ሪፕሌስ፣ ስትሪፕ፣ ስፕሊት፣ ጆይን እያልኩ። ለዋጋ መያዣ የሚሰጡት ስም ግን በአማርኛ ቢሆን ፓይተን 3 ይቀበለዋል፤ «ስም» ወይም «ቀበሌ» ብለው መጻፍ ይችላሉ።

ሁለት ነገሮችን አስቀድመው ያድርጉ። አንደኛ፣ ዋናውን ፋይል ቅጂ አድርገው ወደ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ሁለተኛ፣ የጠራውን ጽሑፍ ሁልጊዜ አዲስ ዓምድ ውስጥ ይጻፉት፤ የመጀመሪያው ዓምድ ሳይነካ አጠገቡ ይቆይ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ምን እንደጠፋ ዓይንዎ ወዲያው ይይዘዋል።

1. ምልክቱን በቁጥሩ ይዩት

ለማጥፋት ከመቸኮል በፊት ያለውን ማየት ይገባል፤ ዓይን ግን ብቻውን አይበቃም። «አጣዬ» የሚለው ስም ሦስት ፊደል ነው። ሌን የሚባለው የርዝመት ፋንክሽን 4 ካለ አንድ የማይታይ ነገር ተደብቆበታል ማለት ነው። እያንዳንዱን ምልክት በሉፕ እያለፉ ኦርድ ለሚባለው ፋንክሽን ይስጡትና የዩኒኮድ ቁጥሩን ያትሙ፤ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት አንድ ቁጥር የሚመድብ ደንብ ነው። ለ«አጣዬ» 4768፣ 4899፣ 4844 ይወጣሉ። አራተኛ ሆኖ 8203 ከመጣ ተሸሽጎ የነበረው እሱ ነው፤ ምንም ስፋት የሌለው ክፍት ቦታ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከድረ ገጽ ወይም ከመልእክት ላይ ሲገለበጥ ተከትሎ ይመጣል።

ለሙሉ ዝርዝር ደግሞ ካውንተር የሚባለውን መሣሪያ ይጠቀሙ፤ ኮሌክሽንስ ከሚባለው የፓይተን ክፍል ውስጥ ይገኛል። ሁሉንም ስሞች አያይዘው ቢሰጡት እያንዳንዱ ምልክት ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥርልዎታል። ውጤቱን ከብዙ ወደ ጥቂት ይደርድሩትና ከታች ጀምረው ያንብቡ። ከላይ ያሉት ን፣ ር፣ ስ እና መሰሎቻቸው ናቸው፤ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የመጡት ግን ከታች ተሰብስበው ይገኛሉ፣ ችግሩም በአብዛኛው እዚያ ነው። ይህ ደረጃ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እኔ አንድም ቀን ዘልዬው አላውቅም።

በእኛ አካባቢ ዝርዝሮች ውስጥ ደጋግሜ ያገኘኋቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። 32 የተለመደው ክፍት ቦታ ነው፤ ጤነኛ ነው። 160 ክፍት ቦታ ይመስላል ግን ሌላ ነው፤ ቃላት በመስመር መጨረሻ እንዳይለያዩ የሚይዝ፣ ከድረ ገጽና ከወርድ የሚመጣ ነው። 9 የታብ ዝላይ፣ 10 እና 13 የመስመር መስበሪያ ናቸው። 8206፣ 8234 እና 8236 የጽሑፍ አቅጣጫ የሚያሳዩ የማይታዩ ምልክቶች ናቸው፤ ከስልክ አድራሻ ላይ ከተገለበጠ ቁጥር ጋር ይመጣሉ። 65279 ደግሞ በፋይል መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

2. የተበላሸ የሚመስለውን ጽሑፍ አይሰርዙ

አንዳንዴ ዝርዝሩ ሲከፈት ከአማርኛ ይልቅ የላቲን ፊደላትና እንግዳ ምልክቶች ይሞሉታል። ይህን ቆሻሻ ነው ብሎ መጥረግ ስሙን ራሱን መጥረግ ነው። ሦስት ዓይነት ሁኔታ አለ፤ ለይተው ይወቋቸው።

ጭረት ያለበት የላቲን ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመ ከመጣ፣ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው አከፋፈቱ ነው። የእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ሦስት የተለያየ ምልክት ሆኖ እየታየ ነው። ፋይሉን ዘግተው ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ነግረው እንደገና ይክፈቱት።

ጽሑፉ ዱሮ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ቅርጾች በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ተጭነው ይሠራባቸው ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል የሚያስፈልገው ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ነው እንጂ ማጥሪያ አይደለም።

በፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ወይም 65533 የሚባለው ምልክት መጥቶ ከሆነ ግን ፊደሉ ጠፍቷል። ምንም ፕሮግራም አይመልሰውም። ረድፉን ምልክት አድርገው ወደ ወረቀቱ ይመለሱ።

3. የማይታዩትን በቅደም ተከተል ያስወግዱ

ቤት ውስጥ ገብስ ሲዘጋጅ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፣ ጠጠሩ በእጅ ይለቀማል፣ ዱቄቱ በወንፊት ይነፋል። ማንም ጠጠር በወንፊት ለማውጣት አይሞክርም፣ ገለባም አንድ በአንድ አይለቅምም። ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ማበጠር፣ ቀጥሎ መልቀም፣ ወንፊቱ የመጨረሻ።

ብዙ ሰው ስትሪፕ በሚባለው ትእዛዝ ይጀምራል፤ ከጽሑፉ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍት ቦታ የሚያነሳ ነው። ስትሪፕ ግን ክፍት ቦታ ያልሆነ ነገር ሲገጥመው ይቆማል። «ደብረ ሲና» ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ክፍት ቦታ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ 8203 ካለ፣ ስትሪፕ አንዱንም አያነሳም፤ 8203ን እንደ ፊደል ይቆጥረዋልና። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ 8203፣ 65279፣ 8206፣ 8234 እና 8236 ይጥፉ። ለዚህ ትራንስሌት የሚባለው ትእዛዝ ይመቻል፤ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ሰጥተው ለእያንዳንዳቸው «ምንም» (በፓይተን ኖን) ብለው ይመድባሉ፣ በአንድ ማለፊያ ሁሉንም ያነሳል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ስፕሊት ያድርጉ (በየቃሉ ይከፍለዋል)፣ በቅንፉ ውስጥ ምንም ሳይጽፉ፤ ቃላቱን በአንድ ክፍት ቦታ ጆይን አድርገው መልሰው ያያይዟቸው። ስፕሊት ባዶ ቅንፍ ሲሰጠው 160ን፣ ታብንና የመስመር መስበሪያን ጭምር እንደ ክፍት ቦታ ስለሚያይ በመሐል የተደራረበውም በዳር የተረፈውም በአንድ ጊዜ ይስተካከላል።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን ዘወትር የሚያሰናክል ነገር አለ። በፓይተን ስትሪንግ ራሱ አይለወጥም። ሪፕሌስም (አንዱን ምልክት በሌላ የሚተካው) ሆነ ትራንስሌት አዲስ ስትሪንግ ሠርተው ይሰጡዎታል እንጂ የቀድሞውን አይነኩም። ስለዚህ ውጤቱን መያዝ አለብዎት፦

ስም = ስም.ሪፕሌስ("፡", " ")

በግራ በኩል ያለውን «ስም =» ከረሱ ትእዛዙ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን ማንም ሳይይዘው ይጠፋል፤ እርስዎም ፕሮግራሙ እንቢ ያለ ይመስልዎታል።

4. ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ

የኛ ሁለት ነጥብ፣ ቁጥሩ 4961፣ ሥራው ቃልን ከቃል መለየት ነው። ስፕሊት ግን እንደ ክፍት ቦታ አያየውም፤ ዩኒኮድ ከሥርዓተ ነጥብ ጋር መድቦታል። ስለዚህ «ሸዋ፡ሮቢት» ለፓይተን አንድ ቃል ነው። ሁለት ነጥቡን ዝም ብለው ካጠፉት «ሸዋሮቢት» ይሆናል። በክፍት ቦታ መተካት እንጂ ማጥፋት አይገባም፤ ይህን ከላይ ከጻፍኩት የስፕሊትና የጆይን እርምጃ በፊት ያድርጉት።

አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፣ ቁጥሩም 4962 ነው። በርካታ ጸሐፊዎች ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመጫን ይጽፉታል፤ ሌሎች ደግሞ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደግመው ይጠቀማሉ። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። በስም ዓምድ ውስጥ ሁሉም ክፍት ቦታ ስለሚሆኑ ግድ የለም። «አስተያየት» በሚለው ዓምድ ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቅበት ቦታ ያስፈልጋል። እዚያ መጀመሪያ ጥንዶቹን ወደ አንድ አራት ነጥብ ይለውጡ፣ ቀጥሎ ነጠላውን ሁለት ነጥብ ወደ ክፍት ቦታ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አራት ነጥቡ ሁለት ክፍት ቦታ ሆኖ ይቀራል፣ መልሶ ማግኘትም አይቻልም።

5. እዝባር፦ ቆሻሻ የሚመስለው የስም አካል

በዚህ ደረጃ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች እዝባርን ከነጥብና ከቅንፍ ጋር ደርድረው «አስወግድ» ይላሉ። በሰሜን ሸዋ የስም ዝርዝር ውስጥ ግን እዝባር በየገጹ አለ። ገ/መስቀል፣ ኃ/ማርያም፣ ወ/ጊዮርጊስ፣ ተ/ሃይማኖት፣ ወ/ሮ፣ ወ/ት፣ ዶ/ር፣ መ/ር፣ ደ/ብርሃን፣ ሰ/ሸዋ። እዝባሩን ቢያነሱት «ገመስቀል» የሚባል ማንም ያላወጣው ስም ይፈጠራል።

«እንግዲያው አሳጥረን የጻፍነውን ፕሮግራሙ ይዘርዝረው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም። ገ/ ብዙ ጊዜ ገብረ ነው። ወ/ ግን ከሮ በፊት ሲሆን ማዕረግ ነው፤ ከጊዮርጊስ በፊት ወልደ ነው፤ ከማርያም በፊት ደግሞ ለወንድ ወልደ፣ ለሴት ወለተ ሊሆን ይችላል። ተ/ማርያም ተክለ ማርያምም ተስፋ ማርያምም ይሆናል። ሀ/ማርያም ሀብተ ማርያም ነው ወይስ ኃይለ ማርያም በሌላ ሀ የተጻፈ? ይህን የሚያውቀው ባለስሙ ነው። ፕሮግራሙ ገምቶ ቢጽፍ የሰው ስም ለወጠ ማለት ነው፤ በመታወቂያ ላይ ካለው ጋር ሳይገጥም ሲቀር የሚመላለሰው ያ ገበሬ ነው፣ አንዳንዱም ከመሐል ሜዳ ማዶ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዞ።

ስለዚህ እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ እዝባሩ ይቆይ፣ ዙሪያው ብቻ ይስተካከል። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ማለትም ጽሑፍን በንድፍ በሚፈልገው ዘዴ፣ የሚጻፈው ንድፍ አምስት ምልክት ነው፤ ክፍት ቦታ፣ ኮከብ፣ እዝባር፣ ክፍት ቦታ፣ ኮከብ፦

" */ *"

ኮከቡ «ከፊቱ ያለው ምንም ላይኖር ወይም ስንትም ጊዜ ሊደጋገም ይችላል» ማለት ነው። ሰብ በሚባለው የመተኪያ ትእዛዝ ይህን ሁሉ በአንድ እዝባር ቢተኩት «ገ / መስቀል»ም «ገ/ መስቀል»ም «ገ/መስቀል» ይሆናሉ። መጀመሪያ ላይ ያነሳኋቸው ሦስቱ ሰዎች እዚህ ነጥብ ላይ አንድ ሆኑ።

አንዳንድ መዝጋቢ በእዝባር ፈንታ ነጥብ ያደርጋል፤ «ገ.መስቀል»። ነጥቡን ወደ እዝባር ሲለውጡ ሪፕሌስን ይጠቀሙ። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ውስጥ ነጥብ ማለት «ማንኛውም ምልክት» ነው። ከፊቱ የግራ ዘንባላ እዝባር (\) ሳያደርጉ ከጻፉት እያንዳንዱ ፊደል በእዝባር ይተካል፤ ስሙ በሙሉ የእዝባር ሰልፍ ይሆናል።

ማዕረግን ለይቶ ማውጣት ከፈለጉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ወ/ሮ ወርቅነሽ» ከሚለው ላይ «ወ/ሮ»ን ለማንሳት ብዙ ሰው ኤልስትሪፕ የሚባለውን፣ ከግራ በኩል ብቻ የሚያነሳውን ትእዛዝ ይጠራና በቅንፉ ውስጥ «ወ/ሮ » ብሎ ይጽፋል። ውጤቱ «ርቅነሽ» ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ስትሪፕና ኤልስትሪፕ የተሰጣቸውን እንደ አንድ ቃል አይወስዱትም። ወ፣ እዝባር፣ ሮ እና ክፍት ቦታ እንደሚባሉ አራት ተፈላጊዎች ይቆጥሯቸዋል፤ ከግራ ጀምረው ከአራቱ ውጭ የሆነ ምልክት እስኪገጥማቸው ድረስ እየነቀሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ የወርቅነሽም ወ አብራ ተነቀለች። ሮማን የምትባል ሴት ብትሆን «ማን» ሆና ትቀር ነበር። ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ሪሙቭፕሪፊክስ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ቃሉን እንዳለ ካገኘው ብቻ ያነሳል፣ ካላገኘው ጽሑፉን እንዳለ ይተወዋል። እሱን ይጠቀሙ። ያነሱትን ማዕረግም አይጣሉት፤ «ማዕረግ» የሚል ዓምድ ከፍተው ያስቀምጡት። ቄስ፣ ሼህ፣ ሐጂ፣ መ/ር መባል ለባለቤቱ ክብሩ ነው፣ ለእርስዎም ሁለት ሞክሼ ሰዎችን ለመለየት ይጠቅማል።

6. ወንፊቱ፦ የሚቀረውን ይወስኑ

አሁን የቀረውን እንግዳ ምልክት በአንድ ንድፍ መያዝ ይቻላል። ለአማርኛ የስም ዓምድ የምጠቀምበት ይህ ነው፦

[^ሀ-ፚ/ ]

በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ያለው ቀስት «ከእነዚህ ውጭ የሆነ» ማለት ነው። ሀ-ፚ ከ4608 እስከ 4954 ያሉትን ፊደላት ሁሉ ይይዛል፤ ሥርዓተ ነጥቦቹና የግዕዝ ቁጥሮች ከዚያ በላይ ስለሆኑ ከወንፊቱ ውጭ ናቸው። እዝባርና ክፍት ቦታ እንዲቀሩ በስማቸው ተጠርተዋል። በሰባት ቤት ጉራጌ አጻጻፍ ያሉ አንዳንድ ፊደላት ከ4992 እስከ 5023 ባለው ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ዝርዝርዎ እንዲህ ያሉ ስሞች ካሉበት ያንን ክልል ይጨምሩ፤ የጎረቤት ስም በእኛ ወንፊት መጥፋት የለበትም።

«ማንኛውም ፊደል» የሚለውን አጭር ምልክት፣ የግራ ዘንባላ እዝባርና ትንሹን ደብልዩ፣ ያወቁ ሰዎች በእሱ ቢሠሩ ይመርጣሉ። በፓይተን 3 አማርኛን ይቀበላል። በጃቫስክሪፕት ግን ያው ምልክት የሚያውቀው የላቲን ፊደልን፣ ቁጥርንና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። በአንዱ የሠራ ንድፍ ወደ ሌላው ሲዛወር ስሙን ሁሉ ይበላል። ሀ-ፚ ብሎ መጻፍ በሁለቱም ያው ስለሆነ እሱን እመክራለሁ።

በወንፊቱ የተያዘውን ወዲያው አይሰርዙ። መጀመሪያ በ«■» ይተኩትና ዝርዝሩን ያንብቡ። «መን■ዝ» ካዩ ገብቶ የነበረ ጥራጊ ነው። «አበበ ■■■■■» ካዩ ግን መዝጋቢው የአባትን ስም በላቲን ፊደል ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ያ መሰረዝ የለበትም፣ ወደ አማርኛ መመለስ ነው ያለበት። ካነበቡና ከለዩ በኋላ ብቻ ■ን በባዶ ይተኩ።

7. ስልክና ቁጥር

ለስልክ ዓምድ ጥብቅ ወንፊት ትክክል ነው፤ ከ0 እስከ 9 ካሉት በስተቀር ሁሉም ይውጣ፦ [^0-9]። ከዚያ ርዝመቱን ይቁጠሩ። 12 ሆኖ በ251 ከጀመረ 251ን በ0 ይተኩ። 9 ሆኖ በ9 ወይም በ7 ከጀመረ ኤክሴል የመጀመሪያዋን ዜሮ በልቶባታል፤ ይመልሱላት። በመጨረሻ 10 ያልሆነ ሁሉ ወደ «ይጣራ» ዝርዝር ይሂድ። በተለይ 20 ከመጣ ሁለት ስልክ በአንድ ሳጥን ውስጥ በእዝባር ተለይተው ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ ከወንፊቱ በፊት በእዝባር ስፕሊት ማድረግ ይሻላል።

ይህን ወንፊት በቀን ዓምድ ላይ አያሳርፉት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 30/02/2016 ብሎ የተጻፈ ቀን ጥቅምት 30 ነው። የቀን ማንበቢያ ፕሮግራሞች የካቲትን የሚመስል የፈረንጅ ወር አድርገው ወስደው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብለው ይጥሉታል። ቀኑን እንደ ጽሑፍ ይተዉት።

ዕድሜ ወይም ዓመተ ምሕረት በግዕዝ ቁጥር ተጽፎ የሚመጣበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሲገለበጥ። ፊደሉን በፊደል አይተኩት። ፳ን በ20፣ ፭ን በ5 ከተኩ ፳፭ «205» ይሆናል። ፳ ሃያ ነው፤ አምስቱ ይደመርበታል። በ፫፻ ደግሞ ሦስቱ በመቶ ይባዛል። ኢዝዲጂት የሚባለው የፓይተን ጥያቄ ስለ ፩ ሲጠየቅ «አዎ፣ ቁጥር ነው» ይላል፤ ኢንት ግን ወደ ቁጥር ለውጥ ሲባል አይቀበለውም። ስለዚህ በኢዝዲጂት ብቻ አይመኑ።

8. ሀ፣ ሐ እና ኀ

«መሐል ሜዳ»፣ «መሀል ሜዳ» እና «መኃል ሜዳ» አንድ ቦታ ናቸው፤ «መርሐቤቴ» እና «መርሃቤቴ»ም እንዲሁ። የዩኒኮድ ማስተካከያዎች፣ ኤንኤፍሲም ሆነ ኤንኤፍኬሲ፣ እነዚህን አንድ አያደርጓቸውም። ራስዎ ማድረግ አለብዎት፤ ነገር ግን በስሙ ላይ አይደለም። «መፈለጊያ» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ይክፈቱና እዚያ ያድርጉት።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፊደል ቤቶቹ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ተቀምጠዋልና። ከ4624 እስከ 4630 ካለው ከሐ ቤት 16 ይቀንሱ፣ ሀ ይሆናል። ከ4736 እስከ 4742 ካለው ከኀ ቤት 128 ይቀንሱ። ከ4640 እስከ 4646 ላለው ለሠ ቤት 16 ይጨምሩ፣ ሰ ይሆናል። ከ4816 እስከ 4822 ካለው ከዐ ቤት 48 ይቀንሱ፣ አ ይሆናል። ከ4928 እስከ 4934 ካለው ከፀ ቤት 8 ይቀንሱ፣ ጸ ይሆናል። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ይለውጡ። በዚሁ ዓምድ ክፍት ቦታዎችንም ሁሉ ያንሱ፤ «ደብረ ብርሃን» እና «ደብረብርሐን» እንዲገናኙ።

ዋናውን ስም ለምን አልነካም? በግዕዝ ሠዐለ ማለት ሥዕል ሣለ ነው፣ ሰአለ ደግሞ ለመነ። ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ታየ ነው፤ ሰረቀ ሌላ ነው። አባት አስቦበት በሠ ያወጣውን ስም እኔ ለፍለጋ እንዲመቸኝ ብዬ በሰ ልጽፈው መብት የለኝም። መሐመድና ሙሐመድን ግን ይህ ስሌት አያገናኛቸውም፤ ልዩነታቸው በድምፁ ነው። ከኤፍራታና ግድምና ከቀወት በሚመጡ ዝርዝሮች ላይ እነዚህን በሰው ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

9. ሙከራና ማስቀመጥ

ሙሉውን ዝርዝር ከማሠራትዎ በፊት አስቸጋሪ የሆኑ አሥር ያህል ስሞችን ሰብስበው ትክክለኛ ውጤታቸውን በእጅዎ አጠገባቸው ይጻፉ። ገ / መስቀል፣ ወ/ሮ ወርቅነሽ፣ ሸዋ፡ሮቢት፣ መጨረሻው ላይ 8203 ያለበት ደብረ ሲና፣ ከመካከላቸው አይጥፉ። ፕሮግራሙ ሁሉንም እርስዎ እንደጻፉት ካወጣ ወደ ሙሉው ይሂዱ። ከዚያ የወጣውን መልሰው በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያሳልፉት፤ በሁለተኛው ማለፊያ ምንም ነገር መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ ከእርምጃዎቹ አንዱ ከቦታው ውጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክፍት ቦታን ማስተካከል ሥርዓተ ነጥብን ከመተካት ቀድሞ ተገኝቷል። በመጨረሻ ባዶ የሆኑትንና ከግማሽ በላይ ያጠሩትን ረድፎች ለይተው ያትሙና በየቀበሌው ዝርዝሩን ላዘጋጀው ሰው ይላኩለት።

ውጤቱን በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ በሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8-ሲግ ብለው ይጻፉ። ይህ በፋይሉ መጀመሪያ 65279ን ያስቀምጣል፤ ኤክሴል አማርኛውን ሳያበላሽ የሚከፍተው እሱን አይቶ ነው። ዝርዝሩ ተሞልቶ ሲመለስልዎ ደግሞ በዚያው በዩቲኤፍ-8-ሲግ ያንብቡት። በተራው ዩቲኤፍ-8 ካነበቡት ያ ምልክት ከመጀመሪያው ዓምድ ርእስ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም ዓይንዎ እያየው «ስም» የሚባል ዓምድ የለም ይልዎታል።